የጥበባት ትምህርት ለምን ወረቀት ላይ ይቀራል? ጎንደርስ ከየት ትጀምር?

ስለ ጥበባት ትምህርት ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ «መንግሥት ትኩረት ይስጥ» ብሎ ጀምሮ እዚያው ያበቃል። በሕግ በኩል ግን የጎደለው ጥቂት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም ሙዚቃን፣ ቴአትርን፣ ውዝዋዜንና ሥዕልን በአንድ ያቀፈ «የክወናና የዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ አካቷል። የጸና ክርክር ማንሣት የሚፈልግ ሰው ከፖሊሲው ወርዶ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን መያዝ አለበት። ሰኞ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል? ትምህርቱ የሚሞተውም የሚድነውም እዚያ ነው።

አሟሟቱ እንዲህ ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል ርዕሰ መምህሩ ድልድል ይሠራል። መጀመሪያ የሒሳብ፣ የቋንቋና የሳይንስ መምህራን ክፍል ይመደብላቸዋል። ክፍለ ጊዜ የጎደለበት መምህር ካለ ማሟያ እንዲሆነው የጥበባት ትምህርት ይሰጠዋል። እሱ በሙዚቃም በሥዕልም አልሠለጠነም፤ የሚያውቀውን ያደርጋል፦ «ሙዚቃ ማለት…» ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ «ማሲንቆ ስንት ክር አለው?» የሚል ምርጫ ያለው ጥያቄ ይመጣል። አንድ ክር እንዳለው በትክክል የመለሰ ልጅ ማሲንቆ በእጁ ነክቶ ሳያውቅ 8ኛ ክፍልን ይጨርሳል። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ያቺም ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ትሄዳለች።

በርዕሰ መምህሩ መፍረድ አይቻልም። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቁጥር የታወጀበት አገር ያለ ወላጅ «ልጄ ጭቃ ሲያቦካ ይዋል?» ብሎ ቢቆጣ ቁጣው መሠረት አለው። ለዚህ ወላጅ «ጥበብ የሒሳብ ውጤት ያሻሽላል» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ስህተትም ነው። የሒሳቡ ውጤት ካልተሻሻለ ትምህርቱ በራሱ ጠበቆች አንደበት ይፈረድበታል።

በማስረጃ ሊባል የሚችለው ጠበብ ያለ ነው፤ ግን ይጸናል። በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ 42 ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ ተማሪዎችን ይዘው፣ የጥበብ ፕሮግራሙን የሚያገኙት ትምህርት ቤቶች በዕጣ ተለይተው ጥናት ተደርጓል። ፕሮግራሙን ባገኙት ትምህርት ቤቶች የሥነ ሥርዓት ጥፋት የተመዘገበባቸው ተማሪዎች ድርሻ በ3.6 ፐርሰንቴጅ ነጥብ ቀነሰ፤ የጽሕፈት ውጤት ተሻሻለ፤ ልጆቹ ለሌላው ሰው ስሜት የሚሰጡት ግምትም ጨመረ። ሂውስተን ጎንደር አይደለችም፤ ነገር ግን 60 ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ ጸጥታ ማስከበር የቀኑን ግማሽ ለሚወስድበት መምህር የሥነ ሥርዓቱ ውጤት ብቻውን ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ጎንደርን ከሌሎች ከተሞች የሚለያት መምህር ሊሆን የሚችል ነገር በእግር በሚደረስበት ርቀት መኖሩ ነው። ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በመላእክት ፊት ተሸፍኗል። የጎንደር አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ ትምህርት፣ እስካሁን በጉባኤ ይዘለቃል። በደባርቅ መንገድ በስተ ሰሜን ወለቃ ላይ ሸክላ ይሠራል። አዝማሪው ማታ ማታ ማሲንቆውን ይመታል። በዚህ ሁሉ መካከል ያደገ ልጅ የግንቡን አንድ ማማ በወረቀት ላይ ሣል ቢባል ከየት እንደሚጀምር አለማወቁ ከተማዋ ልትጸጸትበት የሚገባ ጉድለት ነው። ግንቡ ሲታደስ ድንጋይና ኖራ የሚያውቅ እጅ፣ ሥዕሉ ሲጠገን ቀለምና መስመር የለመደ ዓይን ያስፈልጋል። እነዚህ በ25 ዓመት ዕድሜ በአጭር ሥልጠና የሚበቅሉ ነገሮች አይደሉም።

አነስተኛ ወጪ የሚጠይቀው መግቢያ የከሰል ሥዕል ነው። ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይወሰድና ክዳኑ በሚስማር አንድ ቀዳዳ ይበሳል። እርሳስ የሚያህሉ፣ የደረቁና የተላጡ ለስላሳ ቀንበጦች ውስጡ ተጠቅጥቀው ይገባሉ። ቆርቆሮው ፍም ላይ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። በቀዳዳዋ የሚወጣው ጭስ ሲቆም ከእሳት ይነሣል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ አየር ይገባና ከሰሉ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ወረቀቱን በተመለከተ ለ60 ተማሪ ለስምንት ክፍለ ጊዜ 480 ቅጠል ይበቃል፤ ይህም ከአንድ ደስጣ ያነሰ ነው። ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባም ያገለግላል።

ግንቡን ለመሣል ትኬት ቆርጦ ውስጥ መግባት ግዴታ አይደለም፤ ከቅጥሩ ውጭ ሆኖም ማማዎቹ ይታያሉ። እያንዳንዱ ልጅ ከካርቶን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር መስኮት ቆርጦ ይይዛል፤ በእሱ አሾልኮ እያየ ከግንቡ አንድ ማዕዘን ብቻ ይመርጣል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ለትልልቁ ቅርጽ ናቸው፦ ክቡ ማማ፣ እንቁላል የመሰለው ጉልላት፣ ቀጥ ያለው ግድግዳ። መስኮት፣ ጥርሳ ጥርሱ፣ የድንጋዩ ድርድር ኋላ ይመጣል። መምህሩ ዝም ካለ ሁሉም ልጅ ከጥርሳ ጥርሱ ይጀምራል፤ ወረቀቱም ማማው ሳይጀመር ያልቃል። ልምምዱ የሚያስተምረው ትልቁን ከትንሹ አስቀድሞ ማየት ነው። ይህን መምህሩ በቃል ሊሰብከው አያስፈልግም፤ የሁለተኛውን ቀን ሥዕል ከመጀመሪያው ጎን መስቀል በቂ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ማወዳደር ይመጣል። የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ዘይቤ ደማቅና ጥላ የሌለበት ነው፤ መደቡም ወጥ ቀለም ነው። ሁለተኛው፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለበተው፣ ፊትን በጥላ ያሳብጣል፤ መደቡም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው እየደበዘዘ ይሸጋገራል። ሁለት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሰቅሎ «የትኛው ይቀድማል? በምን አወቃችሁ?» ማለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይይዛል። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ሲሣል ክፉው በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣልበትን ልማድ ልጆች ራሳቸው እንዲደርሱበት መተው ይሻላል፤ ይደርሱበታልም።

ሸክላ ከባዱና አብዝቶ የሚሰጠው ነው። ለአንድ ልጅ ግማሽ ኪሎ ጭቃ ቢያዝ ለ60 ልጅ 30 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ሰው በጋሪ የሚያመጣው ነው። ብቻውን ያለ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የተሰበረ ገንቦ ወይም ምጣድ ገል ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ለአራት ወይም አምስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ይገባበታል። ከዚያ መታሸት አለበት፤ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በደንብ። በክር ሁለት ቦታ ተቆርጦ ሲታይ ቀዳዳ ካለበት አየር ይዟልና እንደገና ይታሻል። የጠረጴዛውን ጉዳይ የማዳበሪያ ጆንያ ገልብጦ ማንጠፍ ይፈታዋል።

ልጆች ሁልጊዜ ወፍራም ይሠራሉ። ከአንድ ሴንቲ ሜትር የወፈረ ግድግዳ፣ ወይም ውስጡ ያልተቦረቦረ ከጡጫ የሚበልጥ ምስል እሳት ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ በውስጡ የቀረው ውኃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ያጣል። እጀታና ጆሮ የሚገነጠለው ደግሞ ሁለቱም ፊት ሳይጫር፣ በቀጠነ ጭቃ ሳይለሰን ስለሚለጠፍ ነው። የተሠራው ዕቃ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በፌስታል ተሸፍኖ፣ ከዚያ በጥላ ሥር ክፍቱን፣ በድምሩ ሁለት ሳምንት ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከወጣ ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። መድረቁን ለማወቅ ጉንጭ ላይ ማስጠጋት ይበቃል፤ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ገና እርጥብ ነው።

ማቃጠሉን በትምህርት ቤቱ ግቢ አለማድረግ ይመረጣል። ኩበትና እንጨት፣ ነፋስ፣ 60 ልጅ፦ አብረው አይሄዱም። የደረቀውን ዕቃ በጭድ ጠቅልሎ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ወስዶ ከራሳቸው ዕቃ ጋር እንዲያቃጥሉት ማስከፈል ይሻላል፤ ለሥራው ገንዘብ ይከፈላቸው፣ አንድ ቡድንም ሄዶ ይይ። ዕቃው መጀመሪያ በእሳቱ ዳር ሲሞቅ፣ ቀጥሎ በኩበት ሲሸፈን፣ በመጨረሻ ራሱ እስኪቀዘቅዝ ሳይነካ ሲቆይ ማየት የኬሚስትሪ ትምህርት ጭምር ነው፤ የተቃጠለ ሸክላ ውኃ ውስጥ ቢነከር ተመልሶ ጭቃ የማይሆነው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ ይኖራል። ከሥራው ጥቂቱ እንደሚሰበር ግን አስቀድሞ ለልጆቹ ይነገራቸው፤ ያለዚያ ማልቀስ ይመጣል።

ወለቃን ስንጠቅስ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በኖረበት በዚያ መንደር ሸክላ የሠሩ ሴቶችና ብረት የቀጠቀጡ ወንዶች ለትውልዶች «ቡዳ» እየተባሉ ተንቀዋል። ሸማኔው ተንቋል፣ ፋቂው ተንቋል፣ አዝማሪውም በሠርግ ተፈልጎ በዘመድነት ተገፍቷል። ዛሬም ወላጅ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉት ነው?» ብሎ ሲቃወም የሚናገረው ያው የቆየ ንቀት ነው። ይህን ንቀት በስብሰባ ንግግር ማፍረስ አይቻልም። ባለሙያዋ በክብር ተጠርታ፣ «እትዬ» ተብላ ከመምህሩ ጎን ስትቆም፣ ልጁም የእሷን ያህል ቀጥ ያለ ጀበና ማንሣት አቅቶት ላብ ሲያጠምቀው ግን መናቅ ያስቸግረዋል። ለጥበባት ትምህርት ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ለእኛ አገር ከባዱ ይህ ይመስለናል፤ በየትኛውም ፈተና አይለካም።

በሙዚቃ በኩል የሚታየው የተለመደ ስህተት አንድ ትልቅ ኪቦርድ ገዝቶ ግምጃ ቤት መቆለፍ ነው። በዚያ ገንዘብ አምስት ክራር ማሠራት ይሻላል። በአምስት ክራር 60 ልጅ እንዴት ይማራል? ክፍሉ በአምስት ይከፈላል፤ አንድ ቡድን ክራሮቹን እየተቀባበለ ሲጫወት ሌሎቹ አራቱ በጭብጨባ የችክችካውን ምት ይይዛሉ፣ ይዘምራሉ፣ በየስምንት ደቂቃው ይቀያየራሉ። የክራሩ ድምፅ ከጭብጨባው በታች እንዳይጠፋ ማጨብጨቡ በሁለት ጣት ይሁን።

ክሩ በቀንበሩ ላይ በጨርቅ ተጠምጥሞ የሚቃኝ ስለሆነ ይላላል፤ አዲስ የናይለን ክርም እስኪለምድ ቀናት ይፈጅበታል። መምህሩ ክፍል ገብቶ መቃኘት ከጀመረ 40 ደቂቃው በዚያው ያልቃል፤ ስለዚህ ክራሮቹ በእረፍት ሰዓት ተቃኝተው ይግቡ። መነሻው ትዝታ ሜጀር ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ልጆቹ ጆሯቸው ሲለምደው ሚንና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ ማላላት ወደ ትዝታ ማይነር ያሻግራል፤ ሁለት ክር ነክቶ የዜማው ስሜት ሲለወጥ የሰማ ክፍል ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ለምን እንደተለያዩ ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም። አያያዙን በተመለከተ ድርደራ (ክሮቹን አንድ በአንድ መንካት) ይቀድማል፣ ግርፍ (ክሮቹን በአንድነት መምታት) ይከተላል፤ ግርፍ የማይፈለጉትን ክሮች በግራ እጅ ጣቶች ማፈን ስለሚጠይቅ ለጀማሪ ይከብዳል።

የሃይማኖት ጥያቄ በጎንደር መነሣቱ አይቀርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ እንደ መስመርና ቀለም ቅርስ ማየት ይቻላል፤ ልጅን ቅዱስ ሥዕል እንዲሥል ማስገደድ ግን አይገባም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በጉባኤ ቤቱ ሥርዓት የሚሰጥ ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመዝናኛ ቁራጭ አድርጎ ማቅረብ ባለቤቶቹን ያስቀይማል። የአዲስ ዓለም ሠፈር ሙስሊም ልጅም የሚያውቀውን የመንዙማ ምት ይዞ ሲመጣ እኩል ቦታ ያግኝ። በሥዕል በኩል የሐረግ ጌጥና የመሶብ ስፌት ንድፍ ሁሉንም ልጅ ያሳትፋል፤ ጂኦሜትሪውም ጥልቅ ነው።

ማን ያስተምር? በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሠለጠነ የሙዚቃና የሥዕል መምህር መጠበቅ ሌላ አሥር ዓመት መጠበቅ ነው። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚመረቁት ሁሉ ጎንደርን ሊያዳርሱ አይችሉም። በአንድ ጉድኝት ማዕከል ለሥሩ ላሉት ትምህርት ቤቶች አንድ መምህር መርጦ፣ ሌሎቹን መምህራን በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ጊዜያቸው እሱ እንዲያሠለጥን ማድረግ ይቻላል። ባለሙያዎቹ፣ ማለትም ክራር ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ አዝማሪው፣ በወሰነ ትምህርት ከአራት እስከ ስድስት ቀን ይጋበዙ። ዲግሪ የላቸውምና በደመወዝ መክፈል አይቻልም፤ ስለዚህ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በቃለ ጉባኤ ወስኖ እንደ አገልግሎት ግዥ ይከፈላቸው። ነጻ አገልግሎት አይጠየቅ፤ የአዝማሪ ቀን የሥራ ቀን ነው። ባለሙያው ክፍል ሲገባ መምህሩ አይውጣ፤ ልጆቹን የሚያስተዳድረው እሱ ነው።

ክበብ አለን የሚል ትምህርት ቤት ይኖራል። የኪነ ጥበብ ክበብ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በበዓል መድረክ ላይ የሚወጡት ሁልጊዜ ያው አሥራ አምስት ልጆች ናቸው፤ የቀሩት ያጨበጭባሉ። ትምህርቱ ለሁሉም የሚሆነው በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሲሰጥ ብቻ ነው።

ምዘናው ካልተለወጠ የቀረው ሁሉ ይመለሳል፤ መምህሩ የሚፈተነውን ያስተምራልና። ከመቶው 40 ለሂደቱ (ሙከራዎቹን በፋይል ማስቀመጥ፣ ስህተትን ማረም)፣ 30 ለተጠናቀቀው ሥራ፣ 20 ልጁ ስለ ሥራው በቃል ለሚሰጠው ማብራሪያ፣ 10 ለመሣሪያ አያያዝ ቢሰጥ «ተሰጥኦ የለኝም» የሚል ልጅም 70 ማግኘት ይችላል። የቃሉን ማብራሪያ ለ60 ልጅ በአንድ ቀን መስማት አይቻልም፤ በየክፍለ ጊዜው አምስት አምስት ልጅ እየሰሙ ወሰነ ትምህርቱን መሸኘት ይቻላል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆችም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። «በዚህ ጊዜ ሥዕል?» የሚለው ጥያቄ ስሜት ይነካል። ያየውን ነገር በቃል መናገር ላልቻለ ልጅ ግን ከሰልና ወረቀት የመናገሪያ መንገድ ነው። መምህሩ ሐኪም ስላልሆነ «የደረሰብህን ሣል» ብሎ አይዘዝ፤ ልጁ ከሣለ ይስማው፣ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሳያስፈቅደው አይስቀልበት፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ካየ ወደ ጤና ባለሙያ ይምራው።

ወላጅ ይህን ሁሉ ለመጠየቅ የሚመቸው ጊዜ ድልድሉ ከመሠራቱ በፊት፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ መስከረም ላይ ሰንጠረዡ ተለጥፎ ያበቃል። የሚጠየቀውም ግልጽ ይሁን፦ የጥበባት ክፍለ ጊዜ በማን ስም ተመደበ? ለማካካሻ እንዳይወሰድ ማን ይከታተላል? ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው ድጎማ ለወረቀት፣ ለጭቃና ለባለሙያ ክፍያ ስንት ተያዘ? ከዚያ የዓመቱ አካሄድ ከከተማዋ ወቅት ጋር ይገጣጠማል። ጥቅምት ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ ሲጠራ ከሰል ይዞ ወደ ግንቡ መውጣት ይመቻል። ሸክላው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሁን፤ ክረምት ላይ የተሠራ ዕቃ አይደርቅም። በጥር ለጥምቀትና ለሠርግ ሁሉም ባለሙያ ስለሚያዝ ማንንም መጥራት አይቻልም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ አዝማሪውም ጊዜ ያገኛል፤ ክራሩና ማሲንቆው ያን ጊዜ ይግቡ። በጾም ዘፈን የማይወዱ ወላጆች ስላሉም ቅኝትና ምት ብቻ ተለማምዶ ዘፈኑን ከፋሲካ በኋላ ማቆየት ይቻላል።